ሎሚ የማይደርስበት ቦታ

ጥቅምት 27
ዛሬም የሙዚየሙ ዕቃዎች ላይ ቁጥር ስጽፍ ዋልኩ። ጽዋ፣ ጸናጽል፣ የተቀደደ ከበሮ... መጀመሪያ ቫርኒሽ፣ በላዩ የቁጥሩ ቀለም፣ እንዳይለቅ እንደገና ቫርኒሽ። ዐይኔ ደከመ። አዲስ አበባ ላለው ሥራ ፈተናውን አልፌአለሁ፤ የቀረው የአለቃዬ የአስናቀው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። እሱ ደግሞ ለመፈረም መቼም አይቸኩል።

ኅዳር 3
መሪጌታ አላምረው ከድብ ባሕር መጡ። የደብራቸውን ዕቃ ቤት ልመዝግብ ብዬ ስንት ዓመት ስለምናቸው፣ «የተመዘገበ ይወሰዳል» እያሉ እምቢ ያሉኝ ሰው። በጦርነቱ ጊዜ በአደራ የሰጡንን የነሐስ መስቀል ለሚካኤል በዓል ፈለጉት። ደንቡ አይወጣም ይላል።
«ምነው ልጄ፣ ታቦቱ ያለ መስቀሉ ይውጣ?»
አስናቀው ምን አለ? «አንቺው ፈርሚ። አንድ ነገር ቢሆን ግን ደብዳቤውን እርሺው።»

ኅዳር 4
ፈረምኩ። ለምን? እንጃ። እምቢ ማለትም ጉልበት ይፈልጋል። ጓንት ሰጠኋቸው። «አይታጠብ፣ አይወልወል» አልኩ። እሺ፣ እሺ አሉ።

ኅዳር 12
ሚካኤል። ሐሳቤ ሁሉ መስቀሉ ላይ ነው።

ኅዳር 14
ባሉት ቀን መለሱት። ያብረቀርቃል... በሎሚና በአመድ ፈትገውታል። የዘመናት ጥቁረቱ የለም። የጻፍኩት ቁጥርም የለም።
«መሪጌታ፣ አይታጠብ ብዬዎት አልነበር?»
«ታዲያ ለመልአኩ በዓል ጠቁሮ ይውጣ? ሸጋ አድርገን አጠብነው እንጂ።»
ጓንቱንም አጥበው፣ አጣጥፈው አመጡልኝ።

ኅዳር 15
ቁጥሩን መልሼ ብጽፍበትና ዝም ብል ማን ያውቃል? አስናቀው እንደሆነ መስቀል ከመስቀል አይለይም። ደብዳቤው ይፈረማል፣ እሄዳለሁ። ግን ከዚህ በኋላ የምመዘግበውን ራሴስ አምነዋለሁ?
የሆነውን ለአስናቀው በሪፖርት ጻፍኩት። ለበዓል በሎሚና በአመድ ታጠበ፣ ቁጥሩ ጠፋ፣ እንዲወጣ የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ግልባጭ ለደብሩ።

ኅዳር 18
አስናቀው አነበበው። «ማን ጠየቀሽ?» አለ። ደብዳቤው ቀረ። ምሳ አልበላ አለኝ። ከፍቶኛል፣ ምን እዋሻለሁ።

ኅዳር 26
መሪጌታ ደወሉ።
«ግልባጩ ደረሰን። እኛ ያጠብነውን በራስሽ ላይ ጻፍሽው።»
«የፈረምኩት እኔ ነኝ» አልኩ።
«በይ ነይና ዕቃ ቤቱን መዝግቢ። የመስቀላችንን ቁጥር ግን ዘንጉ ላይ በሚሰካበት በኩል፣ ከውስጥ አድርጊው። እዚያ ሎሚ አይደርስም።»
ለከርሞም ሊያጥቡት ነው ማለት ነው... ሳቄ መጣ። ደክሞኛል፣ ወገቤንም ያመኛል። ቀለሙንና ብሩሹን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ነገ በጠዋቱ መኪና ወደ ድብ ባሕር።