ለእሙ ቀብር ስለተመረጠው የማይከፈት ፎቶ

ለተከበሩ አቶ ደግፌ፣
የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር፣
ቀራንዮ

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ባለፈው ስብሰባ ወይዘሮ ፋሲካን ሲያመሰግኑ የዋለው ድምፅዎ እንዴት ነው? እኔ ቅናት እንቅልፍ ከመንሳቱ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ደብዳቤ በእድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የለጠፍኩት ለብቻዎ ብልከው መልስ የመስጠት ድካም እንዳይሆንብዎት አስቤ ነው።

እንደሚያስታውሱት ጓደኛዬ እሙ ባረፈች ማግሥት፣ ከአስከሬኗ ፊት የሚያዝ ፎቶ ሲፈለግ፣ በዚህች መስታወቷ በተሰነጠቀ ስልኬ ያነሳኋትን ይዤ ቀርቤ ነበር። እርስዎም አክብረው አዩና ትንሽ ደብዘዝ ብላለች አሉኝ። እውነት ነው፣ ደብዝዛለች። የወይዘሮ ፋሲካ አይፎን ግን የእሙን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ስለሚያሳይ ኮሚቴው በአንድ ድምፅ እሱን መረጠ። ስለዚህ ውሳኔ ያሉኝን ምስጋናዎች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ወይዘሮ ፋሲካ ጥራቱ እንዳይወርድ ብለው ፎቶውን እንደ ተራ ፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ አየር ጤና ላለው አታሚ ለነገሬ ላኩለት። የነገሬ ኮምፒውተር አልከፍትም አለ። ነገሬ እንዳስረዳን አይፎኑ ቦታ ለመቆጠብ ፎቶውን ሄይክ በሚባል ዓይነት ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል፤ የእሱ አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ የሚያውቀው ጄፔግን፣ ማለትም እንደ እኔ ያለ የድሃ ስልክ የሚያነሳውን ነው። እንደ ተራ ፎቶ ብትልከው ኖሮ ቴሌግራም ራሱ ለውጦ ያደርስላት ነበር። ብትልከው አልኩ? ቢልኩት ማለቴ ነው፤ አክብሮቴ አልፎ አልፎ ያመልጠኛል።

፪. የእኔዋ ደብዛዛ በዚያው ኮምፒውተር ገና ስትነካ ተከፍታ ነበር። እርስዎ ግን በስልክ «ትቆይ» አሉ። ስለዚህ ድንኳኑ ውስጥ ባዶ ፍሬም ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ካህናቱ ቆመው፣ ለቀስተኛው ፀሐይ እየመታው፣ ነገሬ መለወጫ ፕሮግራም እስኪያወርድ ድረስ አስከሬን ፎቶ ጠበቀ። እሙ በሕይወቷ ሰው አስጠብቃ አታውቅም ነበር። ለዚህም እናመሰግናለን።

፫. በስብሰባው ወይዘሮ ፋሲካን «የእሙ የልብ ጓደኛ» ብለው አስጨበጨቡላቸው። ቀናሁ፤ ምን እደብቅዎታለሁ! ያስታመምኳት እኔ፣ የተጨበጨበላት እሷ። ጓደኝነት በካሜራ ጥራት እንደሚለካ በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ ስላላነበብኩት፣ ሳልዘጋጅ መገኘቴን ይቅር ይበሉኝ።

አራተኛው ምስጋና ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ምክንያቱም እስካሁን እንዴት እንደምለው አላውቅም።

በሠልስቷ ዕለት ወይዘሮ ፋሲካ ያንኑ ፎቶ በስልካቸው ለለቀስተኛው እያሳዩ ነበር። እኔም ከኋላቸው ቆሜ አንገቴን አሰገግኩ፤ ለማዘን ሳይሆን እንከን ለመፈለግ። ጣታቸውን ፎቶው ላይ ጫን ሲያደርጉ እሙ ተንቀሳቀሰች። ለካ ያ ስልክ ከመነሳቷ ጥቂት ቀደም ብሎ የነበረውንም ከነድምፁ ያስቀምጣል። ፎቶው የተነሳው ቤቴል ካፌ ውስጥ፣ በልደቷ ቀን፣ እኔ እጄን ልታጠብ በተነሳሁበት ሰዓት ነው። እሙ ወደ ጎን ዞር ብላ «ሸዋዬ የት ሄደች? ያለ ሸዋዬ ፎቶ አልነሳም» አለች። ወይዘሮ ፋሲካ ግን አነሱ። እኔ በቀብሯ ቀን ያላለቀስኩትን ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ነገሬ ፎቶውን ወደ ጄፔግ ሲለውጠው ምስሉ መጣ፣ ድምፁ ቀረ። ዋናውን እንዲልኩልኝ ወይዘሮ ፋሲካን ለመንኩ፤ ሳያቅማሙ ላኩልኝ፤ ይህን መካድ አልችልም። ስልኬ ግን ሊከፍተው አልቻለም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው እሄዳለሁ። እሳቸው ይጫኑታል፣ እኔ እሰማለሁ፣ ከዚያ ደግመው ይጫኑታል። እሙ በናፈቀችኝ ቁጥር የፋሲካን በር ማንኳኳት አለብኝ፤ ለቀናተኛ ከዚህ የከፋ ቅጣት ካለ ኮሚቴው ያሳውቀኝ።

ወደፊት ከመካከላችን ለምናልፈው አባላት ሁሉ ቶሎ የሚከፈት ፎቶ እየተመኘሁ፣ የእድሬንም ወርኃዊ መዋጮ ሳላጓድል፣ ከወንበርዎ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ሸዋገነት
ደብዛዛዋን ፎቶ ያነሳሁት

ሳልረሳው፦ ለአርባዋ በሚታተመው ፎቶ ግርጌ «ያነሳችው የልብ ጓደኛዋ ፋሲካ» ተብሎ እንዲጻፍ መወሰናችሁን ሰማሁ። ይጻፍ፤ ያነሳችው እሷ ናት። ከሥሩ ግን እሙ ራሷ ያለችው ይጨመርልኝ፦ «ያለ ሸዋዬ ፎቶ አልነሳም።» ጽሑፍ ስለሆነ በማንኛውም ስልክ ይከፈታል።