ለለቅሶ እንጂ ለትምህርት ለማይፈታው የእድራችን ኪስ

ለተከበሩ አቶ አስራት፣ በሆላንድ የሮተርዳምና የዴን ሃግ ነዋሪ ኢትዮጵያውያን የመረዳጃ እድር ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ባለፈው ጉባኤ ስለ መረዳዳት ረጅም ንግግር ሲያደርጉ ለያዘዎት ወገብም ምሕረት እመኛለሁ። በአደባባይ መጻፌ እርስዎን ለማሳፈር ሳይሆን፣ በግል የጻፍኳቸው ሁሉ «ኮሚቴው ያየዋል» ተብለው በዚያው ስለቀሩ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።

እንደሚያስታውሱት ልጄ ሊና ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች የክፍሏን ሒሳብ ጨርሳ ስለተቀመጠች፣ ከዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ጋር እንድትማር ተፈቀደላት፤ ክፍያው ግን የወላጅ ነው ተባልኩ። እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን የማጥብና የማለብስ ሴት ነኝና አቅም ቢያጥረኝ ወደ እድሬ መጣሁ። ለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬ እነሆ፦

፩. በዘመን መለወጫ በዓል ሊናን መድረክ አውጥተው «የማኅበረሰባችን ኩራት» በማለት ስላስጨበጨቡላት አመሰግናለሁ። አብራችሁ የተነሳችሁት ፎቶ ዛሬም በእድሩ ገጽ ላይ አለ። ጭብጨባ እንደማይመነዘር የገባኝ በማግሥቱ ነው።

፪. ብድር እንኳ ይሁንልኝ ብዬ ስለምንዎ፣ ደንቡ ከሐዘን በቀር ለምንም እንደማይፈቅድ በትዕግሥት አስረድተውኛል። በዚሁ ደንብ በእድሩ ገንዘብ አውቶቡስ ተከራይተን የቱሊፕ አበባ አይተን መጥተናል። የእናቴ መቀነት ጠለፈኝ ይሏል ይህ ነው።

፫. «ልጅቷን ምን አስቸኮላት፣ ከእኩዮቿ ጋር ትድረስ» ስላሉኝም አመሰግናለሁ። ልጅዎ ኤልናታን አስጠኚ ተቀጥሮለት እንኳ እንዳልቸኮለ ስለማውቅ፣ ምክሩ ከልምድ የመነጨ ለመሆኑ አልጠራጠርም።

፬. የመመዝገቢያው ቀን ሲቃረብ፣ ያሳደጉኝ አክስቴ ወለተሥላሴ ደሴ ላይ አረፉ። መርዶው በተነገረኝ ዕለት ኮሚቴው ሳልጠራው ቤቴን ሞላው፤ ወንበሩ መጣ፣ ምግቡ መጣ፣ የሐዘኑንም ገንዘብ እርስዎ ራስዎ በፖስታ አድርገው በእጄ አስጨበጡኝ። ማመልከቻም ስብሰባም አላስፈለገም። ገንዘቡ ለአርባቸው ሄጄ መቃብራቸው ላይ እንዳለቅስ ነበር። አልሄድኩም፤ ሊናን አስመዘገብኩበት። ፊደል ያልቆጠሩት አክስቴ ሞተው ልጄን ዩኒቨርሲቲ አስገቡልኝ። እዚህ ሮተርዳም አርባቸው ሲወጣ የአንድ ሽማግሌ ካልሲ እያለበስኩ ነበር፤ እስከ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ለሞታችን ያለዎትን ትጋት ለኑሯችንም እንዲያድልዎ የምትጸልይ፣ መዋጮዋን አንድም ወር ያላጓደለች፣

አክባሪዎ አፀደ ነጋ
ከሮተርዳም

ማሳሰቢያ፦ ሊና ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት አልፋለች፤ የሁለተኛው ኮርስ ክፍያም ደርሷል። ከቅርብ ዘመዶቼ የቀሩኝ አንድ አጎቴ ብቻ ናቸው። ኮሚቴው ወንበሮቹን ማውጣት ከመጀመሩ በፊት፣ አጎቴ እግዚአብሔር ይመስገን እጅግ ጤነኛ መሆናቸውን በታላቅ አክብሮት አሳውቃለሁ።