ባለቤቴን አልቅሼ እንድጨርስ ስለተሰጠኝ ቀነ ገደብ

ለተከበሩ የሠራዊት ቤተሰብ መኖሪያ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጎባ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የሰኔው ብርድ እንዳይጎዳዎ እጸልያለሁ፤ የቢሮዎ መስኮት ጥብቅ ብሎ እንደሚዘጋ አምስት ጊዜ ተመላልሼ ስላየሁ ግን ብዙም አልሰጋም።

እኔ የአሥር አለቃ ገዛኸኝ ክብሩ ባለቤት ሰቢሪና ዳቢሴ ነኝ። ባለቤቴ ከዘመተ ሁለት ዓመት፣ ድምፁ ከጠፋ ደግሞ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። የነበረበትን የጦር ክፍል በጠየቅሁ ቁጥር ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው ይሉኛል። እርስዎ ግን መኖር አለመኖሩን በማስረጃ ካላረጋገጥሁ ቤቱን እስከ ሰኔ ሠላሳ እንድለቅ ስላዘዙኝ፣ የሚከተለውን ምስጋና በአክብሮት አቀርባለሁ።

፩. ባለቤቴ በሕይወት ካለ ራሱ ቀርቦ እንዲፈርም በመጠየቅዎ አመሰግናለሁ። የመጣ እንደሆነ ወደ እርስዎ ከመቅረቡ በፊት አንድ ቀን ከልጁ ጋር እንዲያድር ይፈቅዱልኛል ብዬ አምናለሁ።

፪. ከሞተም ለቅሶ መቀመጤን የሚገልጽ የእድር ደብዳቤ ካመጣሁ በቤቱ እንደምቆይ ስለ ነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ። ደብዳቤውን ልጠይቅ ብሄድ የእድራችን ዳኛ አቶ ገብረወልድ አንገታቸውን ደፍተው፣ መርዶው ላልተነገረ ሰው ድንኳን እንደማይተከል ገለጹልኝ። ይህንኑ ለጸሐፊዎ ባስረዳ፣ እንግዲያው ዝም ብለሽ አልቅሰሽ ጨርሺ አሉኝ። ምክራቸው ከልብ እንደሆነ አልጠራጠርም።

፫. እዚህ ላይ ምስጋና አጠረኝ። ምክሩን ሰምቼ ባለፈው ማክሰኞ ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ለቅሶውን ልሞክረው መሬት ተቀመጥሁ። የሰባት ዓመቷ ልጄ ሀዋኒ አጠገቤ መጥታ፣ ከዚህ ቤት ከወጣን አባቷ ሲመለስ የት እንደሚያገኘን ጠየቀችኝ። ተነሥቼ ነጠላዬን አቃናሁ። ክቡር ሆይ፣ ለሁለት ክፍል ቤት ብዬ ያልሞተ ባሌን ልቀብረው ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲህ በራሴ አፍራለሁ፣ እንቅልፍም የለኝ።

ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ወረፋዎ እንዳይጎድል፣ ቤትዎም የሚጠብቁት ሰው ሁሉ በሰዓቱ የሚገባበት እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ሚስት ልባል ወይስ ባሏ የሞተባት፣ የጽሕፈት ቤትዎን ውሳኔ በትሕትና የምጠባበቅ፣

ሰቢሪና ዳቢሴ

ማሳሰቢያ፦ ሰኔ ሠላሳ ቤቱን ሊያሽጉ የሚልኳቸው ሰዎች እባክዎ ከሰዓት በኋላ ይምጡ። በእኛ ሰፈር በማለዳ ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳ መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው፤ የመጡት ቤቴን ለመውሰድ ብቻ እንደሆነ እስኪነግሩኝ ድረስ ልቤ አይችለውም።