እናትሽ ያላወቁት ፊትሽ

ይድረስ ለጠይሜ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በዚህ ስም አትጥራኝ ብለሽ አስምለሽኝ ነበር፤ እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ አዜብ እያልኩ ቃሌን ጠብቄአለሁ። አሁን ግን ተቆጥተሽ የምትዘጊብኝ በር ስለሌለ ደፈርኩ። ቅር ካለሽ በሕልሜ መጥተሽ ንገሪኝ፤ በሌላ መንገድ ግን አትምጪብኝ። ለምን እንዲህ እንደምልሽ ወደ ታች ስትወርጂ ይገባሻል።

ቤታችን ያው እዚህ ጀርመን፣ ፕሮይንገስሃይም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሊፍቱ ዛሬም በየሁለት ሳምንቱ ይበላሻል። ሊዲያ አሥራ አራት ዓመቷን ጨረሰች፤ በእግር ቁጥር በልጣሻለች። እኔ አሁንም ኦስትሃፈን መጋዘን ውስጥ ነኝ፤ ልጅቷ ባዶ ቤት እንዳትገባ ብዬ የማታውን ፈረቃ ትቼ የጠዋቱን ይዣለሁ። ወጥ መሥራትም ተምሬአለሁ። ሊዲያ «ይበላል» ትላለች፤ ከዚህ በላይ ምስጋና እስካሁን አላገኘሁም። የልብስ ቁም ሣጥንሽን ባዶ አድርጌ ልብሱን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ። የመታጠቢያ ቤት መደርደሪያሽን ግን አልነካሁትም። ሳሙናዎችሽ፣ የክሬም ቱቦዎችሽ፣ ያ ስም የሌለው ነጭ ብልቃጥ፣ ሁሉም አንቺ እንደደረደርሻቸው በመስመር ቆመው ነበር። መጣል ነበረብኝ፣ በተለይ ሐኪሙ ያንን ከነገረን በኋላ። ፈራሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

እንዴት እንደጀመርሽው አልረሳሁም። ያን ክረምት ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ጽዳት ትሠሪ ነበር፤ ጎህ ሳይቀድ ወጥተሽ ደክሞሽ ትመለሺያለሽ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ሴትዮ አቅፋ ሳመችሽና «ምነው አዜቤ፣ ጠቆርሽ?» አለችሽ። ተጎዳሽ ወይ፣ ከፋሽ ወይ ማለቷ ነበር። በእኛ አገር ይህ የአዘኔታ ሰላምታ ነው፤ እንደ ወተት ለነጣ ሰውም ይባላል። አንቺ ግን ቃሉን እንዳለ ወሰድሽው። ቤት ስንደርስ መስታወት ፊት ቆመሽ «እውነት ጠቁሬአለሁ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ጥርሴ የማይከደነው እኔ ደግሞ «መብራት ሲጠፋ እንዳላጣሽ ፈገግ በይ» አልኩ። ብቻዬን ሳቅሁ። ጠይሜ፣ ያን ቀልድ ከምላሴ ላይ ቆርጬ መጣል ቢቻል ኖሮ ምላሴንም አብሬ በጣልኩት።

በማግስቱ የሚያቀላው ሳሙና መጣ፤ ከዚያ ባንሆፍ፣ ባቡር ጣቢያው፣ አካባቢ ካለ ሱቅ ክሬሙ መጣ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አላቋረጥሽም። ጠዋት ሳሙናውን ቀብተሽ ሻይ እስኪፈላ ትጠብቂያለሽ፤ ታጥበሽ የፀሐይ መከላከያ ትደርቢበታለሽ፣ በጥር ብርድም ቢሆን። ማታ ከነጩ ብልቃጥ በጣትሽ ጫፍ ወስደሽ ከግንባርሽ ወደ አንገትሽ፣ ከክንድሽ ወደ መዳፍሽ፣ ሁልጊዜ ወደ ታች ታወርጂዋለሽ። በሐምሌ ሰው ሁሉ ማይን ወንዝ ዳር ልብሱን አውልቆ ሲጋደም አንቺ እጅጌሽን እስከ ጣትሽ ስበሽ ጃንጥላ ትይዢ ነበር። ስቀልድብሽ «ይሄ እንደ ጾም ነው፤ አንድ ቀን ከገደፍኩ ሁሉም ፈረሰ» አልሽኝ። ጾምስ ፋሲካ አለው፣ ያንቺ ፋሲካ መቼ ነው ብልሽ ጃንጥላውን ወደ ፊትሽ ዝቅ አደረግሽው።

በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ባቡር ጣቢያ ካለው የፎቶ ማሽን አንድ ጉርድ ፎቶ ተነሥተሽ ከመደርደሪያው በር ጀርባ ትለጥፊ ነበር። ለውጡን ለማየት ነው ትይኛለሽ። አንድ ቀን አንቺ ሥራ ሳለሽ በሩን ከፍቼ ከመጀመሪያው ፎቶ እስከ መጨረሻው በተርታ አየሁ። እኔ ያገባኋት ሴት በትንሽ በትንሹ እየሄደች ነበር። በመጨረሻው ረድፍ ያለችውን ሴት አላውቃትም፤ ዓይኖቿ ብቻ ያንቺ ናቸው፣ ከሌላ ሰው ፊት ጀርባ ሆነሽ በቀዳዳ የምታዪኝ ይመስል። በሩን ዘጋሁትና ለማንም አልተናገርኩም። ክሬሙ ያልበገራቸው የጣቶችሽ መገጣጠሚያዎች ብቻ ነበሩ። እነሱ ጠቁረው ቀሩ፤ ጓንት ታደርጊባቸው ጀመር።

ሊዲያ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ከመምህሯ ቴርሚን፣ የኑ ቀጠሮ፣ የመጣልንን ታስታውሺያለሽ? ቤተሰብሽን ሣዪ ተብላ እኔን በቡኒ፣ ራሷን በቡኒ፣ አንቺን ግን ከግንባርሽ እስከ እግርሽ በደማቅ ቀይ እርሳስ ቀብታሽ ነበር። መምህሯ እናትየው ተቃጥላ ይሆን፣ ቤት ውስጥ ዱላ ይኖር ይሆን ብላ እኔን ከላይ እስከ ታች እየመረመረች ጠየቀችን። ልጅቷ ግን ሰው ሁሉ «እናትሽ ቀላች፣ ቀይ ሆነች» ሲል ሰምታ፣ የሰማችውን ነው የሣለችው። ሰው ቀይ ነው ሲባል እንደ ደም ቀይ ማለት እንዳልሆነ ለጀርመን ማስረዳት አቅቶን ወጣን። በትራም እስከ ቤት ድረስ ሳቅን። ሥዕሉን ግን እንደ ሌሎቹ ማቀዝቀዣው ላይ መለጠፍ አልቻልንም፤ የተገፈፈ ሰው ይመስል ነበር።

ከዚያ እግርሽ ማበጥ ጀመረ፣ ቀጥሎ ፊትሽ። ኩላሊት ነው አሉን። ሐኪሙ የምትቀቢውን አምጡ ብሎ አስመረመረና ነጩ ብልቃጥ ውስጥ ሜርኩሪ አለበት አለ። የምታስተረጉምልን ሊዲያ ነበረች። ቃሉ ጠፍቶባት «ድሮ ቴርሞሜትር ውስጥ የነበረው፣ እንደ ብር የሚንከባለለው» አለችን። አንቺ ጓንትሽን አወለቅሽ። ሆስፒታል በተኛሽበት ሰባት ሳምንት ክሬም አልነካሽም፤ ፊትሽ ወደ ቦታው ለመመለስ ግን ጊዜ አላገኘም።

አስከሬንሽ የሄደው ከዚያው ከፍሉግሃፈን ነው፣ ወለሉን ስትወለውዪ ከኖርሽበት። ሊዲያን ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች አደራ ሰጥቼ እኔም አብሬ ሄድኩ። ደሴ፣ እናንተ ግቢ፣ ሣጥኑ ሲከፈት እናትሽ ቀርበው አዩሽ። አሥራ አንድ ዓመት ያላዩሽ እናት ናቸው፤ ፎቶ ላኪልኝ ሲሉሽም የድሮውን ብቻ ነበር የምትልኪላቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና አሉና «ይቺ የእኔ ልጅ አይደለችም» አሉ። ለቅሶው ቀጥ አለ። «የእኔ ልጅ ጠይም ናት። ይቺ ቀይ ሴት ናት፣ ወፍራም ናት። አውሮፕላን ላይ ሬሳ ተለዋውጧል። ይቺም የሰው ልጅ ናትና በክብር ቅበሯት» አሉ።

ማልኩ፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ልጄን የት አድርገሃት ነው?» አሉኝ። ድንኳን ውስጥ የነበሩት ለቀስተኞች አንድ በአንድ ወደ እኔ ዞሩ። ሚስቱ ጥላው ሄዳ ኀፍረቱን ለመሸፈን የማንንም ሬሳ ይዞ መጣ እስከ መባል ደረስኩ። ስትቀበሪ እናትሽ ደረታቸውን አልመቱም፣ ጥቁር አልለበሱም፣ አርባሽም ተዝካርሽም አልወጣም። ከሞትሽ ይልቅ ይህ አንገበገበኝ። እናቱ ያላለቀሰችለት ሰው በየት በኩል ይሄዳል እያልኩ ሽታፕለሬ፣ ጭነት ማንሻው መኪና፣ ላይ ተቀምጬ ሳስብ ስንት ጊዜ ጭነት ከመደርደሪያ ጋር አላተምኩ መሰለሽ።

ባለፈው የካቲት ወንድምሽ ደወለልኝ። እማዬ በየእሑዱ ከጠይሜ ጋር በስልክ አወራለሁ ትላለች፣ አእምሮዋን እንዳይሆን ሠግቻለሁ አለኝ። ድምፅዋ ያው ነው፣ አማርኛዋን ግን ፈረንጅ አገር አበላሽቶባታል ብለውታል እናትሽ። በዚያው ሰሞን ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አዲስ የገባች አሮጊት ጀርመናዊት ሊፍት ውስጥ አገኘችኝ። ሚስትህ ደስ የሚል ሳቅ አላት፣ እሑድ እሑድ በመታጠቢያ ቤቱ ቱቦ በኩል ይሰማኛል አለችኝ። ቤት ገብቼ መደርደሪያሽን ከፈትኩ። የነጩ ብልቃጥ ክሬም ጎድሏል። መሃሉ ላይ የጣት ዱካ አለበት፣ ትኩስ፣ ወደ ታች የተጠረገ።

በዛር የምስቅ፣ ጠንቋይ ሲባል የምቆጣ ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ። ያን ሳምንት ግን የመታጠቢያ ቤቱን በር ሳልዘጋ ነው የታጠብኩት። ፊቴን ሳሙና ቀብቼ ዓይኔን መጨፈን እንኳ ፈርቼ ነበር። መደርደሪያው ላይ ጠበል ረጨሁ፤ ብታዪኝ ትስቂብኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት ቅዳሴ እሄዳለሁ ብዬ ወጣሁና ከፌርማታው ተመለስኩ። በሩን ቀስ ብዬ ስከፍት ድምፅሽን ሰማሁ። ያንቺው ነው፤ ትንሽ በአፍንጫ የሚወጣው፣ መጨረሻው ላይ ሰበር የሚለው። «ደህና ነኝ እማዬ፣ አርባይት፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል። ግድግዳ ተደግፌ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ሄድኩና በሩን ገፋሁት። ነጠላ ጫማሽን ተጫምታ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን በግራ እጇ የያዘችው ሊዲያ ናት። ግራ እጅጌዋን ሰብስባዋለች። ክንዷ ከክርኗ እስከ ጣቷ ነጥቷል፣ የሌላ ሰው ክንድ የተቀጠለባት ይመስል። እንዳንቺ እጅጌዋን ስባ ስለምትሄድ አላየሁትም ነበር።

ነገሩ በአንድ ቃል ነው የተጀመረው። እናትሽ አንቺን ፍለጋ አንድ እሑድ እቤት ደውለው «ጠይሜ!» ብለው ሲጣሩ ልጅቷ «አቤት» አለች። እኛው ነን ያስተማርናት፤ ትልቅ ሰው ሲጣራ «ምን» አይባልም፣ «አቤት» ነው እያልን ስንት ጊዜ ገሥጸናታል። እሳቸው ማልቀስና መመረቅ ጀመሩ። አይ፣ እኔ ሊዲያ ነኝ፣ እናቴ ሞታለች ለማለት ያላት አማርኛ ለዚያ ለቅሶ አልበቃም። በሳምንቱ ካርድ ገዝታ ራሷ ደወለች። ክሬሙስ ለምን ስላት በጀርመንኛ መለሰችልኝ፤ እናቴ ማቋረጥ የለም ትል ነበር፣ የጀመረችውን እኔ እየጨረስኩላት ነው አለች። አንዱን እጅ ብቻ የቀባሁት ሌላው እኔ ሆኖ እንዲቀር ነው አለች። አቅፌያት አለቀስኩ። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ኩላሊቷ ደህና ነው። ብልቃጡንም እዚያው አስረክቤው መጣሁ።

የቀረውን በስልክ መናገር አይሆንም ነበርና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዣት ደሴ ሄድኩ። እናትሽ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። እኔን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ከኋላዬ ሊዲያን ሲያዩ ግን ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። «ጠይሜ» አሉ፣ በሹክሹክታ። በዚያ ዕድሜሽ ቁርጥ አንቺን ናት ይላል ወንድምሽ። ልጅቷ ቀረበች፣ ተንበረከከች፣ ሁለቱን እጆቿን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠች። አውሮፕላን ላይ ስታጠናው የመጣችውን አማርኛ አንድ በአንድ ተናገረች። «አያቴ፣ እኔ ሊዲያ ነኝ። በስልክ እኔ ነበርኩ። ይቅርታ። እናቴ ትቀባ ነበር፣ እንደዚህ» ብላ ግራ እጇን አነሣችላቸው።

እናትሽ እጇን ይዘው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። በነጣው እጅ ላይ የጣቶቹ መገጣጠሚያዎች ጠቁረው ቀርተዋል። በአውራ ጣታቸው አምስቱንም ጣት አንድ በአንድ ዳሰሱ። ያን እጅ ሣጥኑ ውስጥ አይተውታል፤ ከፊታቸው ላይ አነበብኩት። አልጮኹም። ጫማቸውን አጠለቁና «ተነሡ፣ ወደ እሷ እንሂድ» አሉን።

መቃብርሽ ጋ ስንደርስ ግራ ገባኝ። ትቼው የሄድኩት የአፈር ክምር ዙሪያውን በድንጋይ ታጥሯል፣ አረሙ ተነቅሏል፣ የሻማ ቅሪት አለበት። ማን እንደሚጠብቀው ጠየቅሁ። እናትሽ መሬቱ ላይ ተቀመጡና ነገሩኝ። በየወሩ በሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ እየመጡ ሻማ ሲያበሩ ኖረዋል። ሰው የሌላት እንግዳ ልጅ ናት ብለው አዝነውልሽ ነው። እየመጡም የሚጸልዩት አንድ ጸሎት ብቻ ነበር፤ «እመቤቴ፣ የዚችን ልጅ እናት አጽናኛት። ልጇ መሞቷን ገና አልሰማች ይሆናል።»

ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው መሃል ላይ ተቆረጠ። ከዚያ ያ ሁለት ዓመት የቆየው ለቅሶ ወጣ። ደረታቸውን መቱ፣ አፈሩን በእጃቸው ዘገኑ፣ ስምሽን ጠሩ። ሊዲያ ፈርታ ከኋላዬ ተደበቀች፤ ቆይታ ግን ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ጠይሜ፣ ተለቅሶልሻል፣ መንገድሽን ሂጂ። ተዝካርሽን አውጥተን ነው የተመለስነው። እኔ የጠየመውንም የነጣውንም ፊትሽን አልረሳም፤ ያንን ቀልዴንም ለራሴ ይቅር አልልም። በሃያ አንድ በሃያ አንድ እኔና ሊዲያ እዚህ ሻማ እናበራልሻለን፤ እናትሽም እዚያ። ባለፈው እሑድ ሊዲያ በራሷ ስም ደውላላቸው ነበር። ልጅዎ መሆኗን ካወቁ ወዲህ ምን ብለው ይጸልያሉ ብላ ጠየቀቻቸው። ለልጄ ነፍስ እጸልያለሁ፤ የድሮውንም ጸሎት ግን አልተውኩትም፣ ያቺ እናት ታሳዝነኛለች አሏት።

ባልሽ፣
ተሾመ