አልወርድ ያለው መስታወት

አንተ ልጅ፣
ወንድሜ ባትሆን ኖሮ እንዲህ በወረቀት አልነግርህም ነበር።

«ለባለሙያ ከምንከፍል እኔው እቤት እገጥመዋለሁ» ብለህ የመኪናዬን አዲስ ስፒከር በሩ ላይ ያሰርክበት ብሎን ረዝሞ መስታወቱ አልወርድ ብሏል። ትናንት ፓርኪንግ መውጫው ላይ ካርድ ለመስጠት በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ዘበኛው ሳቁን አፍኖ «ደህና ዋሉ» አለኝ።

በአጭር ብሎን ቀይረው። የበሩን ፕላስቲክ በካቻቢቴ እንዳትፈነቅለው፤ በእጅህ፣ ቀስ ብለህ።
ተው እያልኩህ መኪናዬን መንካትህን ይቅር ብዬ ትቼዋለሁ።
አልተውኩትም።

ትናንት ማታ በዚሁ መስታወት ጓደኞችህ ፊት የጮህኩብህ ግን...
ብቻ፣ ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥ ገብቼ አንተ በገጠምከው ስፒከር አንድ ዘፈን እስኪያልቅ ሰማሁ። ደግሜም ሰማሁት።

ሥራ በአውቶቡስ ሄጃለሁ። ቁልፉ ጫማህ ውስጥ አለልህ።