አሥራ ሁለቱ ዕቃዎችና አሥራ ሦስተኛው

ለአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ
ባሉበት
ግልባጭ፦ ለኤግዚቢት ክፍል
ቀን፦ ኅዳር 9

ጉዳዩ፦ በፍተሻ የተወሰዱብኝ የእጅ ሥራ መሣሪያዎች እንዲመለሱልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር አዛዥ፣

1. እኔ አመልካች የሃምሳ አራት ዓመት ሰው፣ በዩኒቨርሲቲ የሠለጠንኩ የመሬት ቀያሽ ነኝ። በእኔ ሥራ አንዲት ጣት የምታክል ስህተት ሁለት ጎረቤት ታጋድላለች፤ ስለዚህ የምጽፈውን ለክቼ እጽፋለሁ። ጥቅምት 30 ቀን ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የጣቢያው ባልደረቦች ቤቴን ፈትሸው፣ «የስርቆት መሣሪያ» በሚል አሥራ ሁለት ዕቃዎች ወስደውብኛል። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። የተያዙትን ዕቃዎች ዝርዝር ግልባጭ ሁለት ጊዜ በቃል፣ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄ አልተሰጠኝም።

2. የወሰዱት ሰዎች የወሰዱትን ስለማያውቁት እኔ ልዘርዝር። አንድ የቁልፍ መያዣ፣ ቁልፍ ጠበቅ ተደርጎ ሲዞር የሚጨበጥበት፣ ከአሮጌ ብስክሌት ፍሬን የተሠራ። ሦስት ቀጫጭን ሞረዶች፤ አንደኛው የሰዓት ጠጋኝ የነበረ፣ ጫፉ የተሰበረ፣ እጀታው ከመጥረጊያ እንጨት የተቆረጠ። አንድ አጉሊ መነጽር፣ ከተበላሸ ካሜራ የወጣ። አንድ የጠረጴዛ መብራት። ጥርስ ያልወጣላቸው አምስት ቁልፎች፣ ከተጣለ የነሐስ ማጠፊያ በብረት መጋዝ ተቆርጠው የተስተካከሉ። በግማሽ የተሞረደ አንድ ቁልፍ። ቢደመር አሥራ ሁለት ነው። መሣሪያዎቹን የሠራቸው ታላቅ ወንድሜ ነው። የቶርኖ ሠራተኛ ነበር። ሰው ጥሎ የረሳውን ብረት እሱ አይረሳም። ብረት ለቃሚው ደጃችን ላይ ሲያገኘው፣ «አንተ ያለህበት ሰፈር ምን ቀረኝ ብዬ እመጣለሁ? ሁሌም ትቀድመኛለህ» ይለው ነበር።

3. ሥራው ስርቆት ሳይሆን የሁለት ወንድማማቾች የእሑድ ጨዋታ ነበር። አሮጌ ሰረገላ ቁልፍ ሞርሳ ላይ እናስርና ጥርስ የሌለውን ቁልፍ ከትተን ጠበቅ አድርገን እናዞራለን። አይከፍትም። ሲወጣ ግን ላዩ ላይ ቅጫም የምታክል ነጥብ ትገኛለች፤ ሰረገላው የነከሰባት ቦታ ናት። እዚያች ላይ ብቻ አንድ ሁለቴ ይሞረድና ተመልሶ ይገባል። እንዲህ እየተባለ ቁልፉ ከሰረገላው እየጠየቀ ይሠራል። ወንድሜ በአንድ ቀን ይጨርስ ነበር፤ እኔ ሳምንታት ይፈጅብኛል። «አንተ ትለካለህ እንጂ አትሰማም» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ፍተሻውን የመሩት መኮንን ራሳቸው ነገሩን ሳስረዳቸው፣ «ጋሼ፣ ሌባ እንዲህ የሚለፋ ቢሆንማ ሥራ ይቀጠር ነበር» ብለዋል። ይህን ካሉ በኋላ ዕቃውን ለምን እንደወሰዱት እስካሁን አልገባኝም።

4. ከሦስት ወር በፊት ወንድሜ እንደ ወትሮው ክፍሉን ቆልፎ ወደ ሥራ ወጣ። ቶርኖው ፊት እንደቆመ ልቡ ቀጥ አለ። እኔ አስከሬኑን ልረከብ ሐኪም ቤት ሳለሁ፣ ፎርማኑ ኪሱ ውስጥ የተገኘውን በፌስታል አድርጎ ለእናታችን ሰጥቶ ሄደ። የክፍሉን ቁልፍ ከፌስታሉ ውስጥ ብፈልግ አጣሁት። በሩን ልሰብር መዶሻ ሳነሳ፣ የሰማንያ ስድስት ዓመቷ እናቴ ክንዴን ይዛ፣ «በቁልፍ የዘጋውን በቁልፍ ክፈቱለት። ልጄን በር አትስበሩበት» አለችኝ። ቁልፍ ሠሪ ላምጣ ብል፣ «ባዕድ እጅ አይነካውም» አለች። ስለዚህ በወንድሜ መሣሪያዎች ራሴ ጀመርኩ። አራት ቁልፍ አበላሽቼ ጣልኩ። የተወሰደብኝ በግማሽ የተሞረደው አምስተኛው ነው።

5. ከሥራ ስመለስ በሩ ፊት ተንበርክኬ እሞርዳለሁ። ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀምስም ብላ የነበረችው እናቴ፣ የሞረዱን ድምፅ መስማት በጀመረች በሦስተኛው ቀን ምግብ ጠየቀች። አብራን የምትኖረው እህቴ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ፣ «ዝም በይ፣ ልጄ እየሠራ ነው» ትላታለች። ወደ አልጋዋ ስቀርብ እጄን ይዛ የነሐሱን ሽታ ታሸትና «አንጥረኛዬ» ትለኛለች። ወንድሜን ነበር እንዲህ የምታቆላምጠው። እኔ ስህተት ሰምቼ ማለፍ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ይህን ግን አላረምኩም። አንዳንድ ቀን ቁልፉን ሳዞር ሰረገላው ጭብጥ አድርጎ ይይዘኛል፤ ያን ጊዜ ከወዲያ በኩል የያዘ እጅ ያለ ይመስለኛል። ይህ ለፖሊስ የሚጻፍ ነገር አለመሆኑን አውቃለሁ።

6. ግድግዳ የሚያዋስኑን ጡረተኛ ጎረቤት በመጀመሪያ ለእህቴ፣ «የሟቹ ክፍል ብረት ይፋጭበታል፤ እኔ እንቅልፍ አጣሁ» ብለዋት ነበር። ኋላ በመስኮት አሻግረው ሲመለከቱ በሩ ሥር ተንበርክኬ አዩኝ። መንፈስ ነው ብለው የፈሩትን ሌባ ነው ብለው ከሰሱ። ከፍተሻው ወዲህ ቤቱ ጸጥ ብሏል። በሁለተኛው ቀን እናቴ፣ «ወንድምህ ሥራ ፈታ እንዴ?» አለችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከአምስት ቀን ወዲህ ከውሃ በቀር ምንም በአፏ አልዞረም። ሐኪሟ «እንዲህ ከቀጠለች ቀኑ ሩቅ አይደለም» ብሎኛል።

7. ሰኞ ዕለት ወደ ኤግዚቢት ክፍል ብሄድ፣ ሠራተኛው በቅንነት፣ «አይዞዎት ጋሼ፣ ዝገት እንዳይነካው ሁሉንም በብርጭቆ ወረቀት ወልውለን ነው የምናስቀምጠው» አለኝ። ቀጥሎ የት እንደሚሞረድ የሚነግሩኝ በግማሽ የተሞረደው ቁልፍ ላይ ያሉት ነጥቦች ብቻ ናቸው። ከተወለወሉ መንገዱ ጠፋ ማለት ነው። ምን እንዳለበት ሳያዩ መወልወልን በጥብቅ እቃወማለሁ።

8. ከዚህ በላይ ያለውን ጽፌ ፊርማ ብቻ ሲቀረኝ የዝርዝሩ ግልባጭ ዛሬ ረፋድ ላይ ደረሰኝ። አሥራ ሦስት ዕቃ ይላል። ስህተት አገኘሁባቸው ብዬ ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። የመጨረሻው ተራ እንዲህ ይነበባል፦ «አንድ ያገለገለ የበር ቁልፍ፣ በጥቁር ክር የታሰረ፣ ከአዛውንቷ ትራስ ሥር የተገኘ።» ወንድሜ ቁልፉን በጥቁር ክር ያስር ነበር። ፌስታሉን በእጇ የተቀበለችው እናቴ ናት። ትራሷ ሲነሳ ከሥሩ የወጣውን አላየሁም፤ ዝም ማለቷንም ድንጋጤ ነው ብዬ ነበር። ዝርዝሩ ትክክል ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

9. አቤቱታውን እንደገና መገልበጥ ይገባኝ ነበር፤ ጊዜ የለኝም። በዚሁ ላይ ጥያቄዬን እንደሚከተለው አስተካክዬ አቀርባለሁ።

ሀ) አሥራ ሁለቱ ዕቃዎች በዛሬው ቀን እንዲመለሱልኝ። ሁሉም ካልተቻለ አንድ ሞረድና አንድ ጥርስ ያልወጣለት ቁልፍ ይበቃኛል።

ለ) አሥራ ሦስተኛው ለእኔ እንዳይሰጥ። የእኔ አይደለም፤ ከእኔም አልተያዘም። በፍተሻው ቀን ትራሱን መልሳ ያስተካከለችው ሴት ፖሊስ፣ ፈቃዷ ከሆነ፣ መለዮ ሳትለብስ ጠያቂ መስላ መጥታ ከነክሩ ወደተገኘበት ቦታ እንድትመልሰው። እናቴን ምንም እንዳትጠይቃት፣ እኔ ማወቄንም እንዳትነግራት። በሩ ላይም ማንም እንዳይሞክረው።

ሐ) በተራ ቁጥር 7 ያሰፈርኩትን ተቃውሞ አንስቻለሁ። ቁልፉ ተወልውሎ ከሆነ ቅሬታ የለኝም፤ ካልተወለወለም ይወልወል። ነጥቦቹ ቢጠፉ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። እናቴ እየሰማች እስካለች ድረስ ያ ቁልፍ እንዲያልቅ የሚቸኩል ሰው በቤታችን የለም።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር ምላሽዎን ከዛሬ ማታ በፊት እጠባበቃለሁ።

(ፊርማ)
የሟቹ ታናሽ ወንድም