በጸበል ስላስፈቱት እጮኛዬ

ለክቡር አቶ ባየልኝ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፦

ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ሆኜ እጅ እየነሳሁ፣ ክቡር ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በዚህ የቆላ ንዳድ የወባ ትንኝ እንኳ ሥልጣንዎን አክብራ አልፋዎት እንደምትሄድ ስሰማ ደስታዬ ወሰን የለውም። እኔ በቃለ ጉባኤዎ ላይ «ጠንቋይዋ» ተብዬ የተመዘገብኩት አገኘሽ፣ ለእርስዎ ባለኝ ጥልቅ አክብሮት የተነሳ ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ ጽፌልዎታለሁ።

አንደኛ፣ ጠንቋይ ስላሉኝ አልከፋኝም፤ ነኝና። ከእናቴ የወረስኩት ውቃቢ አለኝ፤ በእኔ መስተፋቅር ተጋብተው ልጅ የሳሙ ጎረቤቶችዎንም ያውቋቸዋል። ወደ ራሴ ጉዳይ ሲመጣ ግን ውቃቢዬ ቀናተኛ ነው። ልቤ ለወንድ ደንገጥ ካለ ዶሮ በቀትር ይጮኻል፣ በአካባቢው ያለ ሞተር ሁሉ ቀጥ ይላል። ነጋዴው ለይኩን ሊያጨኝ ሲመጣ የባጃጁ ሞተር ደጄ ላይ ጠፍቶበት፣ በእግሩ ሮጦ ዞር ብሎ ያየው ድንበር ተሻግሮ ሱዳን፣ ገላባት ከደረሰ በኋላ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ደረበ ደግሞ ቀለበት ከገዛ በኋላ፣ «ወድጄሽ ነው ወይስ አስነክተሽኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ባላስነካውም ውቃቢዬ አስሮት እንደሆነ በምን አውቃለሁ? እሱም ሄደ፤ ጥያቄው ግን እኔው ዘንድ ቀረ።

ሁለተኛ፣ ስለ አንዱአምላክ። ለሰሊጥ አጨዳው ከጎጃም ወርዶ ትራክተር የሚነዳውን ይህን ሰው ወባ ጥሎት ደጄ አመጡት። ጠንቋይ ብሆንም ጅል አይደለሁምና ጤና ጣቢያ አስወስጄ አጥሚት ብቻ አጠጣሁት። ድኖ ሊያመሰግነኝ ሲመጣ ትራክተሩ ከነተሳቢው ደጄ ላይ ቀጥ አለ። እሱ ግን እየሳቀ ወረደና፣ «ይኼ ብረት እንኳ ካንቺ ደጅ አልሄድም ካለ፣ እኔ ማን ነኝ?» አለኝ።

ባለሰሊጦቹ ሥራችን ቆመ ብለው ሲከሱኝ እርስዎ ጉባኤ ጠርተው፣ «ልጁን ደግመሽበታል፤ ፍቺው!» ብለው አዘዙኝ። አንዱአምላክ ቆቡን አውልቆ፣ «ክቡር ሊቀመንበር፣ ድግምት ከሆነም አይፈታብኝ» ቢልዎት ሕዝቡ ሁሉ ሲስቅ፣ የመንግሥትን ክብር ለመጠበቅ ሳይስቁ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ከዚያም በሁለት ሰው አሳጅበው ደጋ ላይ ወዳለ ጸበል ላኩት።

ጸበል ከውቃቢዬ እንደሚበረታ ከእርስዎ በፊት አውቃለሁ። ስለዚህ እኔ ዘንድ ትቶት የሄደውን ጋቢውን አጥቤ፣ ልልክለት አጥፌ ተቀመጥኩ። ከተፈታ አይመለስም፤ ካልተመለሰ ደግሞ መጀመሪያም አልወደደኝም ብዬ።

አንድ ቀን አንዱአምላክ በማሽላው መሃል በእግሩ መጣ። ከስቶ፣ ጠጉሩን ተላጭቶ ነበር። «ከጸበሉ ወዲህ ምን ቀረህ?» አልኩት፣ ጋቢውን እንደያዝኩ።

«ካህኑ አጥምቀውኝ ሲያበቁ ‹አሁንስ ምን ይታይሃል?› አሉኝ። ‹አገኘሽ› አልኳቸው። ‹ይኼስ በሽታ አይደለም፤ ሂድ አግባት› ብለው አሰናበቱኝ።»

ደጄ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ክቡር ሊቀመንበር።

እንግዲህ ሦስተኛው ቅሬታዬ ምስጋና ነው። በዕድሜዬ ሙሉ በጥንቆላዬ ያጣሁትን መልስ እርስዎ እኛን ለመለየት ባወጡት ውሳኔ ሰጡኝ። ከፋሲካ በኋላ ሠርጋችን ነው፤ የክብር ቦታዎም ከወላጆች ቀጥሎ ተይዞልዎታል። ውቃቢዬ እስካሁን አኩርፏል፤ ይልመደው።

ውሳኔዎን በማክበር፣ ጥበብዎን በማድነቅ፣ ከእንግዲህ ግን ሰውዬዬን ለማንም ጉባኤ በውሰት የማልሰጥ፣

አገኘሽ፣ ጠንቋይና ሙሽራ

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ የትናየት ትናንት ቤቴ ጎራ ብለው፣ እርስዎንም እዚያው ጸበል ልከው ቢያስጠምቁ እንዴት እንደሆነ አማከሩኝ። ተጠምቀው ሲያበቁ ወደ እሳቸው ይመለሱ እንደሆነ ማወቅ ፈልገው ነው። እኔም በጎረቤት ትዳር ጣልቃ መግባት ስለማልወድ፣ ለጊዜው ባይሞክሩት ይሻላል ብያቸዋለሁ።